የአካባቢው ሰው በኢትዮጵያ አርኪዮሎጂ፦ ማን ያገኛል፣ ማን ይጠብቃል፣ ከዚህ በኋላስ?

አርኪዮሎጂ ሲነሳ ቶሎ ፊታችን የሚመጣው ድንኳን የተከለ የፈረንጅ ቡድን ነው። ቡድኑን ቦታው ድረስ ማን መራው? ድንጋዩን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ቁፋሮው ሲያልቅ ቦታውን የሚጠብቀውስ? ይሄ በአንድ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ እዚህ የተሰበሰበው እሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች የአካባቢ አርኪዮሎጂ ማኅበር የሚባል የቆየ ልማድ አላቸው። የሰሴክሱ ማኅበር ለምሳሌ ከ1846 ጀምሮ አለ። ጡረተኛውም ተማሪውም ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል፣ ንግግር ይሰማል፣ ሲመቸውም አካፋ ይዞ ይወጣል። እኛ ጋ ዕድሩም ዕቁቡም ጽዋውም ሞልቶ ሳለ፣ ለጥንታዊ ቅርስ ተብሎ በየወረዳው ማኅበር ማቋቋም አልተለመደም። ሰዉ የሚሳተፈው በእረኝነቱ፣ በእርሻው፣ በቀን ሥራው፣ በአስጎብኚነቱና በቤተ ክርስቲያን ጠባቂነቱ ነው።

በመንግሥት በኩል ያለው ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1906 የጀርመን ቡድን አክሱምን አጠና። በ1952 በፈረንሳዮች እገዛ የአርኪዮሎጂ ተቋም አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ።

ከማኅበር ጋር በጣም የሚቀራረበው ነገር የተጀመረው ግን በተማሪዎች ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር ነበራቸው። ከየአገራቸው የመጡት ልጆች የሰፈራቸውን ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የእርሻ ሥርዓትና እምነት እየጠየቁ ጻፉ፤ ጽሑፎቹም በማኅበሩ መጽሔት ታተሙ። ዕቃም ይሰበሰብ ነበር። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከዚህ ሥራ ጀርባ ነበሩ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ሲቋቋም፣ ዛሬ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የምናየው ሙዚየም ከዚያ ስብስብ ላይ ተነሳ። የሃያ ዓመት ልጆች አያቶቻቸውን ጠይቀው የጻፉት ነገር እስከ ዛሬ ለተመራማሪ ያገለግላል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሲነገርለት ግን ብዙ አይሰማም።

በ1968 ደግሞ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። ዓላማው ገንዘብ አሰባስቦ ለሙዚየሙና ለቤተ መጻሕፍቱ ሥዕል፣ መስቀልና የብራና መጽሐፍ መግዛት ነው። በጊዜው ይህን መሰል ቅርስ በቱሪስት ሻንጣ ከአገር እየወጣ ስለነበር፣ አባላቱ ቀድመው እየገዙ ማስቀረታቸው ውለታ ነው።

ወደ ሜዳው እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የድንጋይ ዘመን ቦታ፣ መልካ ቁንጥሬ፣ በ1963 በሆላንዳዊው ዤራርድ ዴከር ተጠቆመ፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ዣን ሻቫዮን ለአሥርት ዓመታት ቆፈረበት። አካፋና ብሩሽ ይዞ አፈር ሲያነሳ፣ ሲያጣራና ሲሸከም የኖረው ግን የአካባቢው ሰው ነው። ቦታው አቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

አፋር ላይ ያለው ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ተጽፏል። ሉሲ በኅዳር 1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ የዶናልድ ጆሃንሰን ስም ዓለምን ዞረ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ እዚያው ሐዳር ላይ የጥንት ሰው መንጋጋዎችን ያገኘው ግን ከመንግሥት በኩል ቡድኑን የተቀላቀለው ዓለማየሁ አስፋው ነበር። በ2013 ሌዲ ገራሩ ላይ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን መንጋጋ ያነሳውም ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነው፣ ቻላቸው ሥዩም። በ2016 ደግሞ ሚሮ ዶራ በሚባለው ቦታ አሊ በረይኖ የተባለ የአፋር አርብቶ አደር የላይኛውን መንጋጋ አገኘና ለተመራማሪው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን አሳየ። ቡድኑ ቀሪውን ክፍል ፈልጎ ገጣጠመው፤ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው የራስ ቅል በ2019 ይፋ ሲሆን የአሊም ስም አብሮ ተጠራ። እንዲህ መሆን ነበረበት፣ ሆነም።

ሰሜኑም ከዚህ አይለይም። በ1981 አክሱም አጠገብ ገበሬዎች በሳባ ፊደል፣ በግዕዝና በግሪክ የተጻፈውን የንጉሥ ኢዛናን ድንጋይ አገኙ። ድንጋዩ እዚያው በትንሽ ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ከቦታው አልተነሳም። በ2007 ውቅሮ አካባቢ አዲ አካውሕ ላይ የመቃብር ጋዕዋ ቤተ መቅደስ የታወቀው መጀመሪያ በአካባቢው ነዋሪዎች ነው። ከዚያ በኋላ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ከትግራይ ባህል ቢሮ ጋር ቆፍሮ አልመቃ የተባለውን የጥንት ሳባውያን አምላክ መሠዊያ አወጣ። ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነት ይህን ሁሉ ሥራ አቋርጧል።

ሰዉና ባለሙያው የማይስማሙበት ቦታም አለ። አክሱም ዱንጉር ላይ በ1960ዎቹ ፍራንሲስ አንፍሬ የቆፈረውን ፍርስራሽ ነዋሪው የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል። ባለሙያዎች ከክርስቶስ ልደት በኋላ ወደ 6ኛውና 7ኛው ክፍለ ዘመን ያደርሱታል። ዘመኑን በተመለከተ የባለሙያዎቹ ማስረጃ ይከብዳል። ቦታው እርሻ ሆኖ እንዳይጠፋ ያደረገው ግን ስሙ ይመስለኛል፣ ይህን የሚጠራጠር ካለ አክሱም ሄዶ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ።

ሐውልቱ ሲጠየቅም የዜጋው ድምፅ ሥራ ሠርቷል። ጣሊያን በ1937 የወሰደችውን የአክሱም ሐውልት በ1947ቱ የሰላም ስምምነት በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ነበር። ዓመታት አለፉ። ፓንክረስትን ጨምሮ ምሁራንና ዜጎች በኮሚቴ ተደራጅተው ሲወተውቱ ቆዩ። በ2005 በሦስት በረራ አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ።

እንግዲህ ወዴት? ሕጉ መነሻ ይሆናል። የ1992ቱ (ይህኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቅ ያዛል፣ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ይህ አንቀጽ እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ ቢነገር ገበሬው ማረሻው የመታውን ድንጋይ የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። በየቅርስ ቦታው ያሉት የአካባቢ አስጎብኚዎች ማኅበራትም ዝግጁ መዋቅር ናቸው። ቦታውን ያውቁታል፣ እንጀራቸው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ወይም የተነቀለ ድንጋይ ሲያዩ ቀድመው የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። በየትምህርት ቤቱ ያሉት የባህልና የቱሪዝም ክበባት ደግሞ እንደ 1950ዎቹ ተማሪዎች አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል፤ የድሮዎቹ ሲጽፉ ሞባይል አልነበራቸውም፣ የዛሬዎቹ ፎቶም ድምፅም መቅረጽ ይችላሉ። የአዲስ አበባና የአክሱም ዩኒቨርሲቲዎች የአርኪዮሎጂ ተመራቂዎችም ለነዚህ ክበባት ቅርብ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ሪፖርቱ ነው። የቁፋሮ ውጤት የሚታተመው ባብዛኛው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ መሬቱን ያሳየው ሰው ምን እንደተገኘ የሚሰማው ከሬዲዮ ነው። የምርምር ፈቃድ ሲሰጥ፣ ቡድኑ በየወቅቱ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ ለወረዳው እንዲያስገባ ቢጠየቅ ወጪው ትንሽ ነው። ማጠቃለያው ላይ የቆፋሪዎቹና የጠቋሚዎቹ ስም ይግባ፤ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ፣ ሌላው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ።