ሮም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ ሰፈርና የኪራይ ቤት አመራረጥ

ሦስት ትውልድ አንድ ላይ ሮም ለመሄድ ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለኮሎሲየም የሚቀርበው ሰፈር የቱ ነው?» ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ቀትር ላይ የእማማ ጉልበት ሲከዳ፣ ሕፃኑም እንቅልፍ ሲጥለው፣ ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አያትና ሕፃን ያለበት ቤተሰብ ጠዋት ወጥቶ ማታ አይገባም። ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚውለው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀትማ ከዚህ ሌላ አማራጭ የለም። ስለዚህ ቤቱ ማታ ለመተኛት ብቻ ሳይሆን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለመመለስ የሚመች ይሁን።

የሮም መሬት ሜዳም ኮረብታም አለው። የመሐል ከተማው ጎዳና በአብዛኛው ሳንፒየትሪኒ በሚባል ትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። የሕፃን ጋሪ ግን ያንገጫግጫል፣ የሽማግሌ ከዘራም መሐሉ ይገባል። ዋናዎቹ ሁለት የሜትሮ መስመሮች፣ ኤ እና ቢ፣ ተርሚኒ በሚባለው ዋና ባቡር ጣቢያ ይገናኛሉ። ናቮናና ፓንቴዮን ያሉበት አሮጌው መሐል ግን የሜትሮ ጣቢያ የለውም። እዚያ ያደረ ሰው እግሩን፣ አውቶቡስን ወይም ታክሲን ነው የሚጠቀመው።

ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ እኔ የማስቀድመው ፕራቲን ነው። ሰፈሩ የተሠራው ሮም እ.ኤ.አ. በ1871 የኢጣሊያ ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ለመንግሥት ሠራተኛውና ለመካከለኛው መደብ ነበር። (የእኛም ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራ የኢጣሊያ ተቋም ነው።) መሬቱ ሜዳ፣ መንገዱ ቀጥ ያለና ሰፊ፣ የእግረኛ መንገዱም እውነተኛ የእግረኛ መንገድ ነው። ቤቶቹ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፤ ክፍሎቹም በአንድ ረጅም ኮሪደር ላይ ይደረደራሉ። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ልጆች ሳሎን ሲንጫጩ አያት ኮሪደሩ ዳር ባለው ክፍል ጋደም ማለት ይችላሉ። ሌፓንቶና ኦታቪያኖ የሚባሉት የሜትሮ ኤ ጣቢያዎች እዚሁ ናቸው። ከኦታቪያኖ እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በእግር 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድሬያ ዶሪያ ጎዳና ላይ ደግሞ ትሪዮንፋሌ የሚባል ትልቅ የተሸፈነ ገበያ አለ። ጾም ላይ ለሄደ ሰው ባቄላው፣ አርቲቾኩ፣ ቅጠላ ቅጠሉ እጅ በእጅ ይገኛል።

ቴስታቾም ደግ ሰፈር ነው። የድሮ የቄራ ሠራተኞች ሰፈር ሲሆን መሬቱ ሜዳ ነው፤ ሳንታ ማሪያ ሊበራትሪቼ አደባባይ ላይ ልጆች ይጫወታሉ፣ አዛውንት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። እዚህ ግን አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ስለሚያጋጥም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳን ጆቫኒ ቱሪስት የማይበዛበት የነዋሪ ሰፈር ነው፣ በሜትሮም በቀላሉ ይደረሳል።

ትራስቴቬሬን ሁሉም ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ለማምሸት ነው እንጂ ከሕፃን ጋር ለማደር አይሆንም። ትሪሉሳ አደባባይ አካባቢ ሌሊቱ ሲጋመስም ጫጫታው አይበርድም። ሞንቲ ለኮሎሲየም ቅርብ ነው፣ ግን ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። ተርሚኒ አካባቢ ሁለቱም ሜትሮዎች አሉ፣ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው ፈጣን ባቡርም በ32 ደቂቃ ያደርሳል። የሀበሻ ምግብ ቤቶችም ያሉት እዚያው ነው። እኔ ለእንጀራው እሄዳለሁ፣ ለማደሩ ግን ሌላ ሰፈር እመርጣለሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ቺንኳቼንቶ፣ ማለትም «አምስት መቶ» ይባላል። ስሙ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ላሸነፏቸው 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ነው። አያት ይህን ለልጆቹ ሲያስረዱ ምሳው ቢዘገይም ግድ የለም።

ወደ ቤቱ ስንገባ የመጀመሪያው ጉዳይ አሳንሰር ነው። ቃሉ ራሱ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። በሮም አሮጌ ሕንፃዎች አሳንሰር የተገጠመው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ደረጃው መሐል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ ሻንጣ ከገቡበት ሞላ። ብዙዎቹ በእጅ የሚዘጋ የውጭ የብረት በርና ሁለት ትንንሽ የእንጨት የውስጥ በሮች አሏቸው። አንዱ በር በደንብ ካልተዘጋ አሳንሰሩ አይነሳም። አንድ ልጅ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ገርበብ አድርጎት ከሄደ፣ ታች ያሉት እማማ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ራሴ «አሳንሰር አለው» የተባለ ቤት ተከራይቼ ደርሼ ሳይ፣ አሳንሰሩ የሚነሳው 12 ደረጃ ከተወጣ በኋላ ነበር። እናቴን ደግፈን ነው ያወጣናት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከመንገዱ እስከ አሳንሰሩ በር ስንት ደረጃ አለ? ፎቶ እንዲልኩልኝም እጠይቃለሁ። «ፒያኖ ሪያልዛቶ» የሚባለው ወለል ደግሞ ከምድር ከፍ ያለ ስለሆነ ደረጃ አያጣም።

ቀጥሎ መብራት። የኢጣሊያ ቤቶች መደበኛ የመብራት ውል 3 ኪሎዋት ነው። ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለስምንት ሰው ግን ያስቸግራል። አንዱ ኬክ ሲጋግር፣ ሌላው የሕፃኑን ልብስ በማሽን ሲያጥብ፣ ሦስተኛዋ ፀጉሯን ስታደርቅ ኃይሉ ይቋረጣል። ማብሪያው አንዳንዴ ምድር ቤት ስለሆነ የት እንዳለ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የቡና ጀበና የምትይዙ ከሆነ ምድጃው ጋዝ ነው ወይስ ኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል የብረት ድስት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) የሚለውን አስቀድማችሁ እወቁ። የሸክላ ጀበና በኢንዳክሽን አይሞቅም።

ስለ አልጋ ሲጻፍ «8 ሰው ያስተኛል» የሚለው አያታልላችሁ። ከስምንቱ ሁለቱ ሳሎን ያለ ሶፋ ላይ የሚተኙ ከሆነ ሳሎኑ ከምሽት ጀምሮ ተዘጋ ማለት ነው። አያት ደግሞ ንጋት ላይ ተነሥተው ጸሎታቸውን ማድረስ፣ ሻይ ማፍላት ይፈልጋሉ። መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ይሁን። አንዱ ቢያንስ ከፍ ያለ ገንዳ የሌለበት ሻወር ይኑረው። ቢዴ (ከሽንት ቤት መቀመጫ አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ መታጠቢያ) ግን አታጡም፤ ከ1975 ጀምሮ በኢጣሊያ ደንብ እያንዳንዱ ቤት እንዲኖረው ይጠበቃል። ትልቅ ቤት ካልተገኘ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቤቶች መከራየት አንዳንዴ ይሻላል። ሁሉም ምሳውን አብሮ በልቶ ለመኝታ ይለያያል።

በሮም የብርድ ወራት የሚሄድ ሰው ይህንንም ይወቅ። በሮም የጋራ ማሞቂያ በመደበኛው ደንብ የሚሠራው ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15፣ በቀን ቢበዛ 12 ሰዓት ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ቢበርድም አከራዩ ላያበራው ይችላል። ለአዛውንት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። በኦገስት 15 ደግሞ የፌራጎስቶ በዓል ነው። በዚያ ሰሞን የሰፈር ሱቆች ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ወረቀቱም አይረሳ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በኢጣሊያ እያንዳንዱ የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤት «ቺን» የሚባል ብሔራዊ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ ቁጥሩም በማስታወቂያውና በሕንፃው መግቢያ ላይ ሊታይ ይገባል። ቁጥር የሌለውን ቤት እለፉት። አከራዩ የእንግዶቹን ፓስፖርት መዝግቦ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ስለሆነ ሲጠየቅ አትደንግጡ። ከተማዋ በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ የምታስከፍለው የጎብኚ ግብርም አለ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፤ ከአዋቂ ጋር ሆነው በአውቶቡስና በሜትሮም በነፃ ይሄዳሉ። ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ 2,500 ያህል የቧንቧ ምንጮች አሉ፣ ውኃቸው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው።

ቴስታቾ ለሚያድር ቤተሰብ አንድ የማይቀር ጉዞ አለ። ከፒራሚዴ ጣቢያ በሜትሮ ቢ አንድ ፌርማታ ሄዶ ቺርኮ ማሲሞ መውረድ ነው። ፖርታ ካፔና አደባባይ ፊት ለፊት ነው። በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በ2003 ተፈታቶ እስኪነሣ ድረስ የቆመው እዚያ ነበር። በ1960 ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሐውልቱ አጠገብ አልፎ፣ በሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሮጦ በ2:15:16 ገባ። ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ መንገዱም ሜዳ ነው። አያትም ሕፃንም ቀስ እያሉ ይደርሱበታል። ቀትር ላይ ቤት አርፎ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው መሄድ። አበበም የገባው ከመሸ ነበር።