የኦቾሎኒ ሶስ፦ ውሃው እስኪፈላ የሚደርስ የኑድል ማባያ

የኦቾሎኒ ሶስ ቆልተው የፈጩት ኦቾሎኒ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ ትንሽ ስኳርና የሚያቃጥል ነገር ገብቶበት፣ በሙቅ ውሃ ቀጥኖ ኑድል ወይም ፓስታ የሚለወስበት ማባያ ነው። ራሱን ችሎ መጣድ አያስፈልገውም። የኑድሉ ውሃ እስኪፈላ ይደርሳል። ዋጋው የማይከብደውም ሥጋም ቅቤም ተጨማሪ ዘይትም ስለማይፈልግ ነው። የኦቾሎኒ ግማሽ ያህል ክብደቱ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ወጪው እዚያው ውስጥ ተከፍሏል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ገሚሶቻችን ኦቾሎኒ እንላለን፣ ገሚሶቻችን ለውዝ። ዐረቦች «ለውዝ» የሚሉት አልሞንድን ነው። እኛ ጋ ግን ሱቅ ገብቶ «የለውዝ ቅቤ» ያለ ሰው የሚሰጠው የኦቾሎኒው ነው። እኔም እዚህ ሁለቱን እያደባለቅኩ እጽፋለሁ። ሆላንዶች ያንኑ ነገር «የኦቾሎኒ አይብ» ይሉታል። ቅቤም በሉት አይብ፣ ላም አልደረሰበትም።

ተክሉ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የፖርቹጋልና የስፔን መርከቦች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አሻገሩት። ዘመዶቹ ባቄላና አተር ናቸው። አበባው ከመሬት በላይ ያብባል፤ ከዚያ ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ይወርድና አፈር ውስጥ ገብቶ እዚያ ያፈራል። እንግዲህ ነገሩ የጥራጥሬ ዱቄት በውሃ ማቅጠን ነው። ሽሮ የለመደ እጅ ለዚህ ሶስ እንግዳ አይሆንም።

ሶሱ የአንድ አገር አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በከሰል የተጠበሰ ሥጋ፣ ሳቴ፣ ይጠቀስበታል፤ ጋዶ ጋዶ በሚባለው የአትክልት ምግብ ላይም ይፈስሳል። ኢንዶኔዥያን ቅኝ የገዙት ሆላንዶች ወደ አገራቸው ወሰዱት። ዛሬ እዚያ የድንች ጥብስ በማዮኔዝ፣ በኦቾሎኒ ሶስና በተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት ይሸጣል። ስሙ «ጦርነት» ነው። ሳህኑን ያየ ሰው ለምን እንደተባለ አይጠይቅም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ማፌ የሚባል ወጥ አለ፤ ሥጋው በኦቾሎኒ ይሠራና ከሩዝ ጋር ይበላል። ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ የተፈጨውን ኦቾሎኒ የባዚንጃን ሰላጣ ውስጥ ትጨምራለች።

ከኑድል ጋር ያገናኙት በዋነኛነት ቻይናውያን ናቸው። እነሱ ግን በብዛት የሚጠቀሙት ሰሊጥ ነው። የተቆላ ሰሊጥ ተፈጭቶ፣ በሶያ ሶስና በአቼቶ ቀጥኖ ኑድል ይለወስበታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀዝቃዛ የሰሊጥ ኑድል በኒውዮርክ ቻይናታውን ገነነ። ቤታቸው ሊሠሩት የፈለጉ አሜሪካውያን የቻይናን የሰሊጥ ቅቤ እንደልብ አያገኙም ነበር። የለውዝ ቅቤ ግን በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። በሱ ተኩት። አሁን ሁላችንም የምናውቀው ፈጣኑ የቤት ሶስ በአብዛኛው የዚህ ምትክ ልጅ ነው። ስለዚህ ላይም የሚባለው የሎሚ ዓይነት ጠፍቶ በተራ ሎሚ፣ የቻይና ቃሪያ ጠፍቶ በሚጥሚጣ ሲሠራ «ትክክለኛው ይሄ አይደለም» የሚል ሰው ቢመጣ ብዙ አትስሙት።

እኛ አገር ኦቾሎኒ ሲነሳ ቀድማ የምትጠራው ምሥራቅ ሐረርጌ ያለችው ባቢሌ ናት። ከተማ ውስጥ የምናውቀው ከቆሎ ጋር ተደባልቆ ወይም ለብቻው ሲሸጥ ነው። የለውዝ ሻይም አለ፤ ተፈጭቶ ከውሃና ከስኳር ጋር የሚፈላው፣ ጾም ላይ ቁርስ የሚተካው ወፍራም ትኩስ መጠጥ። ፓስታውም ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ቤተኛ ነው። ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ ማገናኘት ብቻ ነው የቀረን። በጾም ቀን በስልስ የተሰላቸ ሰው ይህን ቢሞክር አይከፋውም። እንቁላል የገባበት ኑድል ግን እንዳለ ማሸጊያውን ማየት ነው።

ለሁለት ሰው 200 ግራም ኑድል ወይም ስፓጌቲ ይበቃል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ሳህን ላይ ይደረግ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨመር። አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥ፤ ዝንጅብል ካለ እሱም ትንሽ ይፈቅፈቅ። ሚጥሚጣ እንደ አቅም ነው። ቅቤው ጨው ያለበት ከሆነ ሶያ ሶሱን በአንድ ማንኪያ ጀምሮ መቅመስ ይሻላል። ስኳር ያለበት ከሆነ ደግሞ ስኳሩን መተው።

አሁን ማማሰል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። ሶያ ሶሱና ሎሚው እንደገቡ ድብልቁ በመቅጠን ፈንታ ይጠጥራል። ይጓጉላል፤ ማንኪያው ላይ ተጣብቆ አልወርድም ይላል። የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም። የለውዝ ቅቤ ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ደቃቅ ዱቄት ነው። ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ዱቄቱ ውሃውን ይመጥና እርስ በርሱ ይያያዛል። መድኃኒቱ ተጨማሪ ውሃ ነው። ኑድሉ ከተቀቀለበት ሙቅ ውሃ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማማሰል፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ አንድ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ማንኪያ ላይ ድንገት ይለቃል፤ ቀለሙ ነጣ ይላል፣ ይለሰልሳል። ከቧንቧ ውሃ ይልቅ የኑድሉ ውሃ የሚመረጠው ስታርች ስላለበት ነው፤ ዘይቱንና ውሃውን አያይዞ ያቆያል። ስለዚህ ኑድሉ ከመጠንፈፉ በፊት አንድ ኩባያ ውሃ ቀድቶ ማስቀረት ግድ ነው። እኔ ይህን ስንቴ ረስቼ ውሃውን ሙሉ ለሙሉ እንደደፋሁት አልናገርም።

ውፍረቱ ከማንኪያ ላይ እንደ ቀጭን ማር ሲወርድ ይበቃል። ኑድሉ ሲገባበት ይመጠዋል። ሳህኑ ላይ «ይሄማ ቀጠነ» ያላችሁት አፍ ውስጥ ልክ ይሆናል። ሳህኑ ላይ ልክ የመሰላችሁ ግን አፍ ላይ ይለጠፋል።

ስለ ቅቤው ትንሽ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ1884 ማርሴለስ ጊልሞር ኤድሰን የተባለ ካናዳዊ የተፈጨ ኦቾሎኒ ሊጥ አሠራር ላይ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ዛሬ በአሜሪካ ሕግ «የለውዝ ቅቤ» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቢያንስ 90 በመቶ ኦቾሎኒ መሆን አለበት። ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፈው ሌላ ነገር ያልገባበት ነው፤ ከሥር ድረስ ማማሰል ብቻ ነው የሚፈልገው። ለሶስ እሱን እመርጣለሁ።

ቤት መፍጨትም ይቻላል። ጥሬ ኦቾሎኒ መካከለኛ እሳት ላይ እንደ ቆሎ ይቆላል፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ እጅ ሳያርፍ። ልጣጩ በጣት ሲታሽ ከተላቀቀና ሽታው ቤቱን ከሞላ በቅቷል። እኔ አንዴ ስልክ ላዋራ ብዬ ዞር አልኩና ጠቆረብኝ። ልጥለው አሳዘነኝና ፈጨሁት። ሶሱ መረረ፤ ስኳር ብጨምርበትም አልተመለሰም። ከቆሉ በኋላ አሽቶ በሰፌድ ማበጠር ነው። መፍጫ ማሽን ውስጥ መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያ ይጓጉላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘይቱን ይለቅና ይፈስሳል። መሐል ላይ ማሽኑን ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ይግላል። ሙቀጫ ሸካራ ያደርገዋል፣ ግን ለሳቴ ዓይነቱ ሶስ ሸካራው ራሱ ይወደዳል። ከመንገድ የተገዛ የተቆላ ኦቾሎኒም ያገለግላል፤ ግማሽ ሥራው አልቆ ነው የሚመጣው።

ሶያ ሶስ ከሌለ ጨው በቂ ነው፣ ግን ሶሱ ባዶ ባዶ ይላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ቢገባ ይካካሳል። ኑድሉ ኢንዶሚ ከሆነ ደግሞ አብሮ ከሚመጣው ቅመም ግማሹን በሶያ ሶሱ ቦታ መጠቀም ነው። ሙሉውን መጨመር ጨዉ ይበዛበታል። ፈጣን ኑድልን ራሱን ሞሞፉኩ አንዶ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበውም ሙቅ ውሃ ብቻ ይዞ ምግብ ማድረስን ነበር። ከላይ ጥሬ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ወይም ኪያር ቀጭን ተደርጎ ቢከተፍ ጥሩ ነው። ሶሱ ለስላሳ ስለሆነ አፍ ውስጥ የሚሰበር ነገር ይፈልጋል።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛው አለርጂ ነው። ኦቾሎኒ ጥቂት ሰዎችን ለሞት የሚያደርስ አለርጂ ያስነሳል፤ እንግዳ ሲመጣ ሶሱ ከመቅረቡ በፊት ይጠየቅ። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው ያኔ ነው። መቁላት መርዙን ሙሉ ለሙሉ አያጠፋውም። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሚመር ፍሬ ሲገኝ ማውጣት ነው እንጂ «ሲፈጭ አይታወቅም» አይባልም።

የተረፈው ሶስ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠጥራል፤ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ይፈታዋል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሳልፈታው ጠዋት ዳቦ ላይ ቀብቼ ከሻይ ጋር እጨርሰዋለሁ።