ሚስማርና አሲድ ብቻቸውን ፌሪክ ክሎራይድ አይሰጡም

ሰርኪዩት ቦርድ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ከቦርዱ ላይ የማይፈለገውን መዳብ የሚያሟሙበትን ያንን ቡናማ ፈሳሽ በደንብ ያውቁታል። ፌሪክ ክሎራይድ ነው፤ አንድ ብረት ከሦስት ክሎሪን ጋር። ስለ አሠራሩና ስለ ጠባዩ ግን ብዙ ስህተት ይወራል።

«ሚስማር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከተነከረ ይገኛል።»
በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ልብ ብላችሁ እዩት። ሚስማሩን ዙሪያውን ትናንሽ አረፋ ይከበዋል፤ ሃይድሮጂን ነው። ፈሳሹም ቀስ እያለ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ፌረስ ክሎራይድ ነው፤ አንድ ብረት ከሁለት ክሎሪን ጋር። ብረቱ የሰጠው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን ለመንጠቅ አሲዱ አቅም የለውም። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግበት ነው ወደ ቢጫና ቡናማ የሚዞረው። ያኔም ሚስማሩ ቀድሞ መውጣት አለበት። እዚያው ከቆየ የተሠራውን መልሶ ፌረስ ያደርገዋል።

«ቡናማውን የፌሪክ ክሎራይድ ክሪስታል ብናሞቀው ውሃው ተኖ ደረቁ ይቀራል።»
አይቀርም። ይህ ክሪስታል ለእያንዳንዱ ብረት ስድስት የውሃ ሞለኪውል የያዘ ሲሆን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ የሰውነታችን ሙቀት ማለት ነው። ይበልጥ ሲሞቅ ክሎሪኑም አብሮ በሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ መልክ ይወጣል። እየቆየ ዝገት መሳይ ነገር ነው የሚተርፈው። ደረቁ የሚሠራው በጋለ ብረት ላይ ደረቅ የክሎሪን ጋዝ በማሳለፍ ነው። ተኖ ቀዝቃዛው ጎን ላይ ጠቆር ያለ ክሪስታል ሆኖ ይሰበሰባል። ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ብርሃን ሲያልፍበት ደግሞ ወይን ጠጅ ነው። በጣም ያምራል። ክዳኑ ተከፍቶ ከተረሳ ግን ከአየሩ እርጥበት ስቦ ቡናማ ኩሬ ይሆናል።

«መዳቡን የሚበላው አሲድነቱ ነው።»
ፈሳሹ አሲድነት አለው፤ እሱ እውነት ነው። መዳብን የሚያሟሟው ግን ፌሪኩ ኤሌክትሮን ስለሚወስድበት ነው። አረፋ የማናየውም ለዚህ ነው።

«ልብስ ላይ ከፈሰሰ በረኪና ያስለቅቀዋል።»
እባካችሁ ይሄን አታድርጉ! በረኪና ከአሲዳም ነገር ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እድፉም ይብሳል እንጂ አይለቅም። ቶሎ ብሎ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

«ለውሃ ማጣሪያ ስለሚያገለግል የተጠቀምንበትን ቱቦ ውስጥ ብንደፋው ችግር የለውም።»
ማጣሪያ ውስጥ ቆሻሻን አጠራቅሞ ለማዝቀጥ ያገለግላል፣ ልክ ነው። ቦርድ የታጠበበት ግን መዳብ ተሸክሟል፤ መዳብ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ቱቦው ብረት ከሆነም ይበላዋል። በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡት፤ ምን እንደሆነም ላዩ ላይ ጻፉበት።