የአኳሪየም «ሳይክል» ምንድን ነው? የምርመራው ቁጥሮችስ ምን ይላሉ?

አዲስ አኳሪየም ውሃ ተሞልቶ ፊልተሩ ሥራ በጀመረ ማግስት አሞኒያ ቢለካ ዜሮ ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላም ዜሮ ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ዜሮ አሞኒያ የሚያመነጭ ነገር ገና ስላልገባ ነው፤ ሁለተኛው ግን የገባው ሁሉ በባክቴሪያ ተበልቶ ስላለቀ ነው። በፊተኛው ተማምኖ ዓሣ የገዛ ሰው በሳምንቱ ዓሦቹ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው ሲያለከልኩ ያያል። ሳይክል የሚባለው በሁለቱ ዜሮዎች መካከል ያለው ጊዜ ነው። አንድ ቀን የተወሰደ አንድ ቁጥር የቱ ዜሮ ላይ እንዳሉ አይነግርም፤ አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት ከነቀናቸው ጎን ለጎን ተጽፈው ወዴት እንደሚሄዱ መታየት አለበት።

ዓሣ አሞኒያን በዋናነት የሚያወጣው በሚተነፍስበት ስንጥቡ ነው። የተረፈ ምግብና የሞተ ቅጠልም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን ይህን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል። አሞኒያና ናይትራይት ዓሣ ይገድላሉ፤ ናይትሬት ካልበዛ ችግር የለውም። ባክቴሪያዎቹ በስፖንጅ፣ በሴራሚክና በጠጠር ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ቁጥራቸው እጥፍ ለመሆን ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ ነገሩ ሳምንታት ይወስዳል።

ዓሣ ሳያሠቃዩ ለመጀመር አሞኒያውን ራስዎ ይጨምሩ። በሊትር 2 ሚሊግራም ይበቃል (የውሃ መለኪያ ኪቶች ፒፒኤም የሚሉት ይህንኑ ነው)። ንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ ካለ ለ100 ሊትር 0.63 ግራም ነው። ካርቶኑ ላይ 100 ሊትር የተባለ ገንዳ ግን ጠጠርና ድንጋይ ከገባበት በኋላ ያን ያህል ውሃ ስለማይዝ፣ ሲሞሉት በባልዲ ይቁጠሩ። የዓሣ ምግብ እያበሰበሱ መጀመርም ይቻላል፤ መጠኑ ስለማይታወቅና ሻጋታ ስለሚያበዛ ግን አንመርጠውም። ከቆየ ጤነኛ ገንዳ የተቆረጠ ቁራጭ ስፖንጅ ካገኙ ፊልተሩ ውስጥ ይጨምሩት፤ ሳምንታት ይቆጥባል።

ለመለኪያ የጠብታ ኪት ከወረቀቱ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ወረቀቶች አሞኒያን ጭራሽ አይለኩም። በብዛት በሚታወቀው የኤፒአይ ኪት ለአሞኒያ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ከመጀመሪያው ብልቃጥ 8 ጠብታ፣ ከሁለተኛው 8 ጠብታ ተጨምሮ ተነቅንቆ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ብልቃጡ ቀጥ ብሎ ካልተዘቀዘቀ የጠብታው መጠን ይለያያል። ቀለሙን በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ወረቀት ፊት ያንብቡ፤ በቢጫ አምፖል ሥር ዜሮና 0.25 አይለዩም። የናይትሬቱ ሁለተኛ ብልቃጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ውስጡ ያለው ዱቄት ታች ይዘቅጣል፤ 30 ሰከንድ በኃይል ካልተናጠ፣ ቱቦውም በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ ካልተናጠ ናይትሬቱ ከእውነቱ በጣም ዝቅ ብሎ ይነበባል።

በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያው ባለበት ይቆማል። ከዚያ ትንሽ ሲወርድ ናይትራይት ብቅ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም አሞኒያ ተበልቶ ሲያልቅ 2.7 ሚሊግራም ናይትራይት ይወጣዋል፤ ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ይከብዳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ 2 ሚሊግራም የጨመረ ሰው ናይትራይቱ 10 አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ የኪቱ ሠንጠረዥ ግን 5 ላይ ያበቃል። ቀለሙ ለአሥር ቀን ሳይለወጥ ቢቆይ ቁጥሩ ከ18 ወደ 8 እየወረደም ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አያየውም። መፍትሔው ማቅጠን ነው፦ 1 ሚሊ ሊትር የገንዳ ውሃ ከ4 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ጋር ቀላቅለው ይለኩ፣ ውጤቱን በ5 ያባዙ። በዚህ ወቅት የናይትሬቱን ቁጥር አይመኑት። ኪቱ ናይትሬትን የሚለካው መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ቀይሮ ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ናይትራይት አብሮ ተቆጥሮ ናይትሬቱ የበዛ ያስመስላል።

ሁሉም ነገር በድንገት ቀጥ ካለ የሚጠረጠረው ኬኤች (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም፣ በዲግሪ የሚለካ) ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ይለቃሉ፤ በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ በተበላ ቁጥር ኬኤች ወደ 0.7 ዲግሪ ይቀንሳል። ቧንቧዎ 3 ዲግሪ ብቻ ቢሰጥዎ ከአራት ዙር በኋላ መከላከያው ያልቃል፣ ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል) ይወድቃል። ከ6.5 በታች ሥራው ይዘገያል፤ 6 አካባቢ ሲደርስ ሊቆም ምንም አይቀረው። ግማሹን ውሃ መቀየር ወይም ለ100 ሊትር 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ መጨመር (ኬኤችን በ1 ዲግሪ ያነሣል) ያስነሣዋል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይሆንም። ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው ዓሣ ካለበት ገንዳ ላይ ይህን በጥድፊያ ማድረግ አደጋ ነው፦ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከተለካው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ላይ ከመቶ አምስት ያልፋል።

የቧንቧውን ውሃ ብቻውን መለካትም አይረሳ። ዋሽንግተን ዲሲና አርሊንግተን ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቧንቧ የሚያገኙት ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚሠሩት) ነው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎራሚን ክሎሪን በሚያጠፋው የአኳሪየም ውሃ ማከሚያ ሲፈርስ አሞኒያ ይተርፋል፤ ስለዚህ ውሃ በተቀየረ ማግስት ከግማሽ እስከ 1 ሚሊግራም ቢታይ ሳይክሉ ፈረሰ ማለት አይደለም። ማከሚያው ያሰረውን አሞኒያ ኪቱ እንደ ልቅ አሞኒያ ይቆጥረዋል። አዲስ አበባ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹም ይንቀራፈፋሉ፤ ለሳይክል 26 እስከ 28 ዲግሪ ይመቻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በዝግ ፊልተር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቃል። መብራቱ ሲመጣ ውስጡ የታቆረውን ውሃ ደፍተው ያስነሡት እንጂ ወደ ገንዳው አይልቀቁት። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያና የስፖንጅ ፊልተር ለዚህ ርካሽ ዋስትና ነው።

ሳይክሉ ማለቁን የሚያረጋግጠው አንድ ሙከራ ነው፦ ማታ በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ይጨምሩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው። አሞኒያው ብቻ ዜሮ ከሆነ ሁለተኛው ወገን አልደረሰም፤ ይጠብቁ። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ናይትሬቱ ብዙ ጊዜ ከ50 በላይ ነው፤ ከ20 በታች እስኪወርድ አብዛኛውን ውሃ ይቀይሩ፣ ዓሣውንም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ያስገቡ። ከዘገዩ አሞኒያ መጨመሩን አያቁሙ፤ ባክቴሪያው ይራባል። አንዳንድ ኪት ናይትሬትን በናይትሮጅን ብቻ ስለሚጽፍ መመሪያው ላይ እንዲህ ከተባለ በ4.4 ያባዙት።

ዓሣ ከገባ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ይለኩ። ናይትራይት 0.5 ከታየ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ፣ ምግቡን ይቀንሱ፣ በ10 ሊትር 1 ግራም ጨው አሟሙተው ይጨምሩ፤ ክሎራይዱ ናይትራይት በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይከላከላል።