ልክ ያልሆነ ቁጥርን በጃቫስክሪፕት ስለ መለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ስሌት ትርጉም ያለው ውጤት መስጠት ሲያቅተው ናን (NaN፣ «ቁጥር ያልሆነ» ማለት ነው) የተባለውን ልዩ እሴት ይመልሳል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም፤ እሴቱ ከአንዱ ስሌት ወደ ሌላው እየተላለፈ ጉዳቱ ከምንጩ ርቆ ይታያል።

«ናን ቁጥር ስላልሆነ ታይፕኦፍ (typeof፣ የእሴትን ዓይነት የሚነግር ትእዛዝ) ይለየዋል» የሚለው ትክክል አይደለም። ናን የቁጥር ዓይነት አባል በመሆኑ ታይፕኦፍ የሚመልሰው «ነምበር» (ቁጥር) የሚል ነው።

«እሴቱ ከናን ጋር እኩል መሆኑን ማየት ይበቃል» የሚሉም አሉ። በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 የተሰኘው የፍሎቲንግ ፖይንት (ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥሮችን የሚይዝበት መንገድ) ደረጃ ግን ናን ከማንኛውም እሴት ጋር፣ ከራሱም ጋር ጭምር፣ እኩል እንዳይሆን ስለሚደነግግ ፍተሻው ምንጊዜም ሐሰት ይመልሳል። የበለጠ ስውር የሆነው አደጋ የሚደርሰው በወሰን ፍተሻ ላይ ነው፦ «ከ0 ካነሰ ወይም ከ100 ከበለጠ አትቀበል» ብለን ስንጽፍ ሁለቱም ንጽጽሮች ለናን ሐሰት ስለሚሆኑ ናን ያለ ከልካይ ያልፋል። ሁኔታውን ገልብጠን «0 ወይም ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም 100 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብቻ ተቀበል» ብንል ግን አያልፍም፤ ይህ አጻጻፍ ልማድ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

«ኢዝናን (isNaN) የተባለው ፈንክሽን ናንን ብቻ ይለያል» የሚለው እምነት ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋ ይመስለኛል። ፈንክሽኑ የተሰጠውን እሴት አስቀድሞ ወደ ቁጥር ስለሚቀይር «ሰላም» ለሚል ስትሪንግ (የጽሑፍ እሴት) እውነት፣ ወደ 0 ለሚቀየረው ባዶ ስትሪንግ ደግሞ ሐሰት ይመልሳል። በኤክማስክሪፕት 2015 (የጃቫስክሪፕት ደረጃ እትም) የተጨመረው ነምበር ዶት ኢዝናን ይህን ልወጣ አያደርግም። ይሁንና እሱም ብቻውን አይበቃም፤ «ሰላም» ስትሪንግ እንጂ ናን ስላልሆነ ችግር የለበትም ተብሎ ያልፋል። የሚሻለው ነምበር ዶት ኢዝፋይናይት ነው፤ ስትሪንግን፣ ናንንና ኢንፊኒቲን (ወሰን የለሽ የሚለውን እሴት) አንድ ላይ ውድቅ ያደርጋል። ከቅጽ የሚመጣ ግብአት ስትሪንግ በመሆኑ ግን አስቀድሞ ባዶ አለመሆኑ ታይቶ ወደ ቁጥር መቀየር አለበት።

«ለዜሮ ማካፈል ናን ይሰጣል» የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ 0 ለ0 ሲካፈል ናን፣ 5 ለ0 ሲካፈል ኢንፊኒቲ ይገኛል።

«ፓርስኢንት (parseInt፣ ከጽሑፍ ሙሉ ቁጥር የሚያወጣ ፈንክሽን) የተበላሸ ግብአትን ይጥላል» የሚለውም ስህተት ነው፤ «12ሜትር» ሲሰጠው 12 ይመልሳል፣ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ነምበር የተባለው ፈንክሽን ግን ናን ይለዋል።

በመጨረሻም «ናን በጄሰን (JSON፣ የመረጃ መለዋወጫ ቅርጸት) ሲላክ እንዳለ ይደርሳል» የሚል ግምት አለ። ጄሰን ናንን ወደ ነል (null፣ «ምንም» የሚል እሴት) ይቀይረዋል፤ ተቀባዩም በኢዝናን ቢፈትሸው ነል ወደ 0 ስለሚለወጥ ሐሰት የሚል መልስ ያገኛል።