ፈጣን ምግብ በኦሊምፒክ መንደር

በኦሊምፒክ መንደር የሚያድር አትሌት ለምግብ አይከፍልም። ዋናው መመገቢያ አዳራሽ ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፤ ባጅ ያንጠለጠለ አትሌት ሁሉ የፈለገውን፣ የፈለገውን ያህል ያነሳል። ከ1996ቱ አትላንታ እስከ 2016ቱ ሪዮ (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በበጋው ኦሊምፒክ መንደር ውስጥ የአሜሪካው ፈጣን ምግብ ቤት ማክዶናልድስም ነበር፤ በርገሩም ችፕሱም በነጻ። ኩባንያው ከኦሊምፒክ ጋር የተዋወቀው ግን ቀደም ብሎ ነው። በ1968 በግሬኖብል የክረምት ጨዋታ ለአሜሪካ ስፖርተኞች ሀምበርገር በአውሮፕላን ልኳል፣ በ1976 ደግሞ ይፋዊ ስፖንሰር ሆኗል።

በዚህ ጉዳይ ስሙ ሁልጊዜ የሚነሳው ዩሴን ቦልት ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ የአካባቢው ምግብ ስላልተስማማው በየቀኑ 100 ያህል የዶሮ ናጌት (በሊጥ ተለብጦ የተጠበሰ ትንሽ የዶሮ ቁራጭ) ይበላ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ በአሥር ቀን ወደ 1,000 ማለት ነው። 100 ሜትሩን በ9.69፣ 200 ሜትሩን በ19.30 ሰከንድ ሮጦ ሁለቱንም የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ራያን ሎክቲም በዚያው ጨዋታ አብዛኛውን ገበታውን ከማክዶናልድስ እያደረገ ሁለት ወርቅና ሁለት ነሐስ ወስዷል፤ ለ2012 ለንደን ሲዘጋጅ ግን ይህን አመጋገብ ተወው።

ናጌቱ ቦልትን አላፈጠነውም፤ አልጎዳውም ማለቱ ግን ትክክል ነው። አሥር ሰከንድ የማይሞላ ሩጫ የሚጠቀመው ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠውን ፎስፎክሬቲን (ለጥቂት ሰከንድ ፈጣን ኃይል የሚሰጥ ውህድ) እና ያለ ኦክስጅን የሚሰባበረውን ስኳር ነው፤ የግላይኮጅን (ሰውነት ያከማቸው ስኳር) ክምችት በዚህ ርቀት አያልቅም። ስለዚህ የአጭር ርቀት ሯጭ በውድድር ሳምንት የሚያስፈልገው እንዳይራብ፣ ሆዱ እንዳይታወክና በደንብ እንዲተኛ ነው። በደንብ የተጠበሰ፣ በትኩሱ የሚቀርብና ጣዕሙ የታወቀ ምግብ ይህን ያሟላል። በባዕድ አገር ለአራት ዓመት የተለፋበትን ውድድር አንድ ቀን ተቅማጥ ሊያበላሸው ይችላል። የሥጋው ምንጭም ያሳስባል፤ በ2011 በሜክሲኮው ከ17 ዓመት በታች የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ የ109 ተጫዋቾች ናሙና ክሌንቡተሮል (ለከብት ማድለቢያ የሚሰጥ፣ በስፖርት የተከለከለ መድኃኒት) ተገኝቶበት ነበር፤ ምክንያቱ የተበከለ ሥጋ ነው ተባለ።

ርቀቱ ሲረዝም ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በዚያው ቤጂንግ ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትሩን በ27:01.17 ሲያሸንፍ 25 ዙር ሮጧል፤ ማራቶን ደግሞ ክምችቱን እስከ መጨረሻው ያሟጥጣል። ማራቶን ሯጭ ከውድድሩ በፊት ባሉት 36–48 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ10 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ቢያንስ 600 ግራም ነው። በአሜሪካው የምግብ ዝርዝር አሥር ናጌት ወደ 410 ካሎሪ፣ 24 ግራም ስብና 26 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከካሎሪው ግማሽ የሚበልጠው ከስብ የሚመጣ ነው። 600 ግራሙን በናጌት ለመሙላት 230 ያህል ፍሬ መብላት ሊኖርበት ነው፤ ከ500 ግራም በላይ ስብም አብሮ ይገባል። ስብ ጨጓራን ቶሎ ስለማያስለቅቅ ሯጩ ከብዶት፣ እያቅለሸለሸው መነሻው መስመር ላይ ይቆማል። ከዚያው ቤት የሚወጣው ፓንኬክ ከነሽሮፑ ግን አንዱ ሳህን ብቻ ወደ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ስለዚህ ከየት ተገዛ ከማለት በፊት ምን ተመረጠ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ከውድድር በኋላስ? በአሜሪካ ሞንታና ዩኒቨርሲቲ በ2015 የወጣ ጥናት 11 ብስክሌተኞችን 90 ደቂቃ አድክሞ፣ አንድ ጊዜ ፓንኬክ፣ በርገርና ችፕስ፣ ሌላ ጊዜ የስፖርት መጠጥና ባር አበላቸው። የግላይኮጅን ማገገማቸውም ሆነ ቀጥሎ የነዱት የ20 ኪሎ ሜትር ሰዓት አልተለያየም። መጠኑ ልከኛ፣ ጡንቻውም የተራበ ስለነበር ውጤቱ አያስገርምም፤ ለወራት የሚዘልቅ አመጋገብ ግን በዚህ አይለካም።

በመንደሩ ማክዶናልድስም ትልቁ ወረፋ ይታይ የነበረው ውድድራቸውን በጨረሱ ሰዎች ነው። ሪዮ ላይ ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ምግብ እንዳያዝዝ ተከለከለ። ማክዶናልድስ ውሉን በ2017፣ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ አቋረጠ። በ2024 ፓሪስ በየቀኑ 40,000 ያህል ምግብ የሚያቀርበው አዳራሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቁላልና ሥጋ አጠረው፤ አንዳንድ ቡድኖችም የራሳቸውን ምግብ አብሳይ ወደ መጠቀም ሄዱ።

ውድድሩ ያላለቀ አትሌት ፈጣን ምግብ ካማረው ከመነሻው 3 ወይም 4 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ማዮኔዙንና ተጨማሪ ቺዙን አስቀርቶ፣ ዳቦ የሚበዛበትን ይምረጥ። ቦክሰኛ፣ ጁዶ ተጫዋችና ታጋይ ከሚዛን በፊት አይንኩት፤ አሥር ናጌት ከ2 ግራም በላይ ጨው ስላለው ውሃ ይይዛል፣ ሚዛኑም ላይ ይታያል። አንድ ስም ያለው ምግብ ደግሞ ከአገር አገር ጨውና ስቡ ይለያያል፤ የቡድኑ ሐኪም ሊያይ የሚገባው የአስተናጋጁን አገር ዝርዝር ነው።