የቀይ ሐር ሻጯ ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው በ12 በሚካኤል ማኅበራችን ላይ ነው። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ፖለቲካ ዞረ። ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግድ አንድ ወንድማችን «እኔ ለእነሱ ዱቤ መስጠት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ዱቤዬ ለእኛ ሰው ብቻ ነው» አለ፣ እንደ ጀብዱ። አንዱ «ደግ አደረግህ» አለው። ሌላው ሳቀ። ጽዋው መሀላችን ተቀምጧል።

«እነሱ» እነማን እንደሆኑ አልጽፍም። ከማኅበር ማኅበር ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ቤቴ ገብቼ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ገለጥሁ። የምወዳት ልድያ ያለችው እዚያ ነው። ልድያ ነጋዴ ናት፤ መጽሐፍ «ቀይ ሐር ሻጭ» ይላታል። አገሯ ትያጥሮን ነው፣ በእስያ፤ የምትነግደው ግን ባሕር ተሻግራ በፊልጵስዩስ፣ በመቄዶንያ። ለከተማው እንግዳ፣ የእግዚአብሔርን ቃል በወንዝ ዳር ከሴቶች ጋር ተቀምጣ የምትሰማ። ጌታ ልቧን ከፈተላት ይላል። ከተጠመቀች በኋላ ያደረገችውን ተመልከቱ፤ ማንነታቸውን በቅጡ ያላወቀቻቸውን መንገደኞች፣ ጳውሎስንና ባልንጀሮቹን፣ «ወደ ቤቴ ገብታችሁ ኑሩ» ብላ ለመነች። «በግድም አለችን» ይላል ጸሐፊው ሉቃስ። የገበያ ሴት ናት፤ እምቢ ቢሏት እንኳ እንዴት እሺ እንደምታሰኝ ታውቃለች።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ሌሎች ነጋዴዎች አሉ። የምዋርት መንፈስ ባደረባት ገረድ የሚያተርፉ ጌቶች ናቸው። ጳውሎስ መንፈሱን አስወጣ፤ እነርሱ ደግሞ የትርፋቸው ተስፋ እንደ ወጣ አዩ። እርሱንና ሲላስን ገበያ ጎትተው ሲወስዱ ታዲያ «ገንዘባችን ቀረብን» አሉ? አላሉም። «እነዚህ ሰዎች አይሁድ ሆነው ከተማችንን እጅግ ያናውጣሉ፤ እኛም የሮሜ ሰዎች ሆነን…» አሉ። የኪስ ጉዳይ የዘር ጉዳይ ሆነ። ሕዝቡም ተነሣ፣ በትር ወረደ። ምዕራፍ 19 ላይ የኤፌሶኑ ብር ሠሪ ድሜጥሮስም እንዲሁ ነው፤ ትርፉን ብሎ ከተማውን አናወጠ። ሁለት ሰዓት ያህል ሲጮኹ ከነበሩት የሚበዙቱ ለምን እንደ ተሰበሰቡ እንኳ አያውቁም ነበር። የኛን የስልክ ላይ ጩኸት አያስታውሳችሁም?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ባለ ሱቅ ነበር። የዱቤ ደብተሩ ጠርዙ በዘይት የወዛ ነው። ስም ብዙ አይጽፍም፤ «ሐጂ»፣ «መምሬ»፣ «የመንታዎቹ እናት»፣ «ዘበኛው» ይላል። ከጎኑ የወሰዱትና የከፈሉት። ማን ቶሎ እንደሚከፍል፣ ማን ደመወዝ በወጣ ማግስት መንገድ እንደሚቀይር ጠንቅቆ ያውቃል። ብሔር የሚል መስመር ግን ደብተሩ ላይ አላየሁም። አሁን ሳስበው ምስጢሩ ይገባኛል፤ ዱቤ የሰጠኸው ሰው እንዲፈናቀል አትመኝም። ጤናውን ትጠይቃለህ፣ ሥራ እንዲያገኝ ትጸልያለህ፣ ልጁ ሲታመም ትደነግጣለህ። መጀመሪያ ላይ ለብርህ ይሆናል። ቆይቶ ግን ለሰውዬው ይሆናል።

መርካቶ የሄደ ያውቃል። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቅዳሴውም አዛኑም እዚያው ይሰማል። ሥጋ ቤታችን ለየብቻ ነው፤ ቆርቆሮው፣ ጨርቁ፣ በርበሬው ግን አንድ ነው። ዕቁብ ሲጣልም ዳኛው የሚጠይቀው ዋስ ነው።

ወንድሞቼ ነጋዴዎች፣ ትልቅ ነገር በእጃችሁ አለ፤ እናንተም አሳነሳችሁት። ሰባኪ ዓመቱን ሙሉ ቢጮህ የማያገናኛቸውን ሁለት ሰዎች እናንተ ጠዋት ጠዋት በአንድ ባንኮኒ ፊት ታቆማላችሁ። ሠራተኛ ስትቀጥሩ ስሙን ሰምታችሁ የምትመልሱት ከሆነ፣ ለአንዱ ዋጋ ጨምራችሁ ለሌላው የምትቀንሱ ከሆነ፣ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የተባለው ኪሎ ለሚሰርቅ ብቻ መሰላችሁ? ለአጥቢያው ጣሪያ ቆርቆሮ ሰጥተናል አትበሉኝ። ሰጥታችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቆርቆሮው ግን ይህን አይሸፍንም።

ሱቃችሁ የተቃጠለባችሁ፣ ዕቃችሁ የተዘረፈባችሁ፣ በዘራችሁ ምክንያት ከኖራችሁበት ከተማ የወጣችሁ ግን ይህን ቃል በእናንተ ላይ አልናገረውም። ቁጣችሁን ማንም በቀላሉ «ተዉት» ሊላችሁ አይገባም። ጳውሎስም ተገርፎ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ ታስሯል። ከወኅኒ ሲወጣ ወዴት እንደሄደ ግን ተጽፏል፤ «ወደ ልድያ ገቡ» ይላል። የደበደበችው ከተማ ውስጥ በሩን ያልዘጋ አንድ የነጋዴ ቤት ነበረው። ለእናንተም እንዲህ ያለ በር እንዲከፈት እለምናለሁ፤ ከዚህ ሌላ የምላችሁ የለኝም።

ያን ቀን ወንድማችን ሲናገር እኔ አስተማሪ ተብዬው ጠላዬን ይዤ ዝም አልሁ። ከሳቁት አልሻልም። በመጪው 12 ድግሱ እርሱ ቤት ነው። ሰው ሳይሞላ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ፤ ይህን በቃሌ ልነግረው፣ ደብተሩንም አሳየኝ ልለው።